የላይ ቤት ስልቻዎች ሲፈቱ

አገርህ የት ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ከወንዙ ወዲህ ነው እለዋለሁ። ከወንዙ ወዲያ ያሉትም ስለ ራሳቸው እንዲሁ ስለሚሉ ከዚህ የበለጠ ላስረዳ አልችልም። ስሜ ሽባባው ነው፤ ሥራዬ አድማጭነት።

በእኛ አገር ነገር ተነገረ የሚባለው ተናጋሪው ሲናገረው አይደለም። አድማጭ በርጩማው ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ያዳምጥና «ሰምቻለሁ» ይላል፤ ነገሩ የተነገረው ያን ጊዜ ነው። ሰምቻለሁ ያልተባለለት ነገር፣ ተናጋሪው ጨርሶ ቤቱ ገብቶ እራቱን ቢበላ እንኳ፣ ገና እየተነገረ እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ ሙሽሮች ቃል ሲገቡ፣ ወሰን የተገፋፉ ጎረቤታሞች ሲታረቁ፣ ሽማግሌ ሲናዘዝ እኔ እጠራለሁ። የአድማጭ ሕግ አጭር ነው። ሰምቻለሁ ሳይል ከበርጩማው አይነሣም፤ ያልሰማውንም ሰምቻለሁ አይልም።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በራሴ ነው፤ ማድመጥን ያስተማረችኝ ቤተ ጸሎታችን ናት። የእኛ ጸሎት ረጅም ነው። ሰው ቆሞ ሲሰማ ሐሳቡ ሹልክ ብሎ ወደ ቤቱ፣ ወደ ከብቱ፣ ወደ ተጣላው ሰው ይሄዳል። እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ የሄደውን ሐሳብ ሳልቆጣው እጁን ይዤ መመለስ ለመድኩ። ከዚህ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

ከከተማችን በላይ፣ ከኮረብታው አናት፣ ላይ ቤት የሚባል ግንብ ነበር። እዚያ ሆነው የሚገዙንን ሰዎች ስማቸውን አናውቅም ነበር፤ የምናውቀው ማኅተማቸውን ነው። ማኅተሙ ክንፉን ያጠፈ ጉጉት ነው። ላይ ቤት የተጠራ ሰው አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም፤ የተመለሰውም ምን ጠየቁህ ሲባል ስለ ዝናቡ ይናገራል። ከብዙ ክረምትና ከብዙ በጋ ጦርነት በኋላ ላይ ቤት ተያዘ። አዲሶቹ ገዢዎች በሩን ሰብረው ሲገቡ ወርቅም እህልም አላገኙም። ያገኙት በስልቻ በስልቻ የታሰረ፣ ጉጉት የታተመበት ወረቀት ነው። ምርኮው ያ ነበር።

አዋጅ ወጣ። «የተማረከ ምስጢር ምስጢር አይደለም። የሕዝብ ነውና ለሕዝብ ይገለጥ» ይላል። ለዚህም ሥራ ሊቀ ገላጭ የሚባል ሹመት ተፈጠረ፤ ሹመቱም ለአቶ ዘርጋው ተሰጠ። ሊቀ ገላጭ ዘርጋው በጦርነቱ ጊዜ የበቅሎ ጭነት አለቃ የነበሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሐቀኛ ሰው ናቸው። ስልቻዎቹን ከላይ ቤት እስከ አደባባያችን ያወረዱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ አንዲት ወረቀት በመንገድ አልጠፋችም። ይህንን ደጋግመው ይናገሩት ነበር።

አንባቢ ሲፈለግ ግን ችግር ተፈጠረ። የላይ ቤት ጽሕፈት እንደ ጉንዳን መንገድ የተጠላለፈ ስለሆነ ማንም ሊያነበው አልቻለም። በመጨረሻ ከእስረኞቹ መሐል መርሻ የሚባለው የላይ ቤት ጸሐፊ ወጥቶ «የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው» አለ። እንግዲህ ምስጢሩን የጻፈው ሰው ምስጢሩን ለሕዝብ እንዲያነብ ተሾመ። እስር ቤት ቁርሱን በልቶ ይመጣል፣ ሲያነብ ይውላል፣ ተመልሶ እስር ቤት ይገባል። እኔም በርጩማዬን ይዤ ከፊቱ ተቀመጥኩ፤ ሰምቻለሁ ካልተባለ ተገለጠ አይባልምና።

የመጀመሪያው ወረቀት ስለ ባለ ወፍጮው ነበር። ሰዎች እህላቸው እስኪፈጭ ሲጠብቁ ያወሩትን ሁሉ ለላይ ቤት ያደርስ ነበር ይላል። ሕዝቡ ዞሮ አየው። ከኋላው የነበሩት ሰዎች ኮሌታውን ያዙ። መርሻ ቀጣዩን ወረቀት አነሣ። ቀኑ ያው፣ ማኅተሙ ያው፤ ባለ ወፍጮው የሰማውን እንዲናገር ተጠይቆ እምቢ ስላለ የወፍጮው ድንጋይ እንዲሰበር ተወሰነ ይላል። ኮሌታውን የያዙት ሰዎች ለቀቁት፤ አንደኛው የተጨማደደውን በእጁ አስተካከለለት።

ሊቀ ገላጩ ወደ መርሻ ጠጋ አሉ።

«ይኼ ሁለተኛው ምንድን ነው?»

«ጓደኛው ነው ጌታዬ።»

«የማን ጓደኛ?»

«የወረቀቱ። በላይ ቤት ወረቀት ብቻውን አይጻፍም። ሌባ ቢሰርቀን፣ ጠላት ቢማርከን የቱ እውነት እንደሆነ እንዳያውቅ ለእያንዳንዱ ወረቀት ጓደኛ ይጻፍለታል። እውነተኛው በቀዩ ስልቻ፣ ጓደኛው በነጩ ስልቻ ይቀመጣል።»

«በራሱ በወረቀቱ ላይስ ምልክት የለውም?»

«ምልክት ካለውማ ሌባውም ያየዋል።»

መርሻ አንገቱን አስግጎ ቀዩንም ነጩንም ስልቻ አየ፣ ወረቀቶቹን አየ፣ ከዚያ እሳቸውን አየ።

«አደባለቃችሁት እንዴ ጌታዬ?»

«ቀዩ ከባድ ነበር» አሉ ሊቀ ገላጩ። «ነጩ ቀላል ነበር። ሸክም ካልተመጣጠነ የበቅሎ ወገብ ይላጣል። ሁሉንም ዘርግፈን በክብደት አካፍለን ጫንነው።»

«በቅሎዎቹስ?»

«ደህና ገብተዋል።»

«ተመስገን» አለ መርሻ።

«አንተ ታውቃለህ ግን። የጻፍከው አንተ ነህ።»

«ሁለቱንም የጻፍኩ እኔ ነኝ። ሁለት ሹሞች በየተራ ያስጽፉኝ ነበር። እውነቱን የሚያስጽፈኝ የቱ እንደሆነ አይነግሩኝም። ጸሐፊው ካወቀው ምኑን ምስጢር ሆነ?»

«ሹሞቹስ የት ናቸው?»

«አንደኛው ግንቡ ሲያዝ ሞቷል። ሌላኛው ወንዙን ተሻግሯል።» ትንሽ አሰበና «ወይም አንዱም አልሞተም፣ አንዱም አልተሻገረም» ብሎ ጨመረ።

ሊቀ ገላጩ አደባባዩ ላይ ሲንጎራደዱ ቆዩ። ከዚያ አዋጁን ከኪሳቸው አውጥተው እንደገና አነበቡት። ፊታቸው በራ። «አዋጁ ግለጡ ነው የሚለው» አሉ። «ለዩ አይልም።»

በዚሁ መሠረት ደንብ ተሠራ። በአንድ ሰው ስም ያሉት ሁለት ወረቀቶች ይነበባሉ፤ ባለ ስሙ ወይም ዘመዱ አንዱን መርጦ ይወስዳል፤ እኔ ለተወሰደው ሰምቻለሁ እላለሁ፤ ሌላው ወደ ስልቻው ይመለሳል። አንድ ስም፣ አንድ ወረቀት።

ሕዝቡ ደንቡን ወደደው። ሰዉ ከአጥቢያ ጀምሮ ይሰለፍ ጀመር። ደግነቱ የተጻፈበት ወረቀት ቀድሞ የተነበበለት ሰው ሁለተኛውን «ይብቃኝ፣ አታድክሙት» እያለ ወረቀቱን ይዞ መሄድ ለመደ። ከጥቂት ገበያ በኋላ ከተማችን በጻድቃን ተሞላች። አሳልፎ የሰጠ ሰው አልነበረም፤ ተላልፈው የተሰጡ ሰዎች ግን ነበሩ። በሐሰት የመሰከረ አልተገኘም፤ በሐሰት የተመሰከረባቸው ግን መንደር ይሞሉ ነበር። ታስሮ የሞተም አልነበረም። የታሰረው ሁሉ ስንቅ ተሰጥቶት ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወንዙን ተሻግሯል። ከወንዙ ማዶ ምን ያህል የእኛ ሰው እንደሚኖር ሳስበው ይገርመኝ ጀመር።

ልኳንዳ ቤት ያለው ፈንታውም የታናሽ ወንድሙን የባዘዘውን ወረቀት ወሰደ። «ባዘዘው ተለቀቀ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ጤናማ ነው» የሚለው ቀድሞ ወጣለት። «ይብቃኝ» አለ። የተነበበውን እስከ መጨረሻው ሰምቼ ስለነበር ሰምቻለሁ አልኩ። ፈንታው ወረቀቱን በመስተዋት አስገብቶ ሥጋው ከሚሰቀልበት ሜንጦ በላይ ሰቀለው። ሥጋ ለመግዛት የገባ ሁሉ እንዲያነበው ይጋበዛል፤ የማያነብ ከሆነ ፈንታው በቃሉ ይወጣለታል።

ወይዘሮ አንጓች የመጣችው ስልቻዎቹ ገሚስ ከሆኑ በኋላ ነው። አንጓች ገመድ ትገምዳለች። ባሏ ቸኮል ቤት ከዳኝ ነበር፤ የከተማችን የሰንበሌጥ ጣሪያ አብዛኛው የእሱ እጅ ሥራ ነው። ላይ ቤቶች ያፈሰሰ ጣሪያቸውን እንዲያድስ ጠሩት። ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ታች ያለውን እንደሚያይ ያሰቡት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ቸኮል ከዚያ አልወረደም።

የእኛን አገር የሐዘን ሕግ ለማያውቅ ሰው የአንጓች ጭንቀት አይገባውም። እኛ ዘንድ እርሙ የወጣለት ሟች በቤተ ጸሎት ስሙ ይጠራል፤ ያልወጣለት ግን ነፍሱ ብቻዋን ናት፣ የሚጸልይላት የለም። በሌላ በኩል ደግሞ፣ እርሙ ከወጣ በኋላ በሕይወት የተመለሰ ሰው በቤቱ ደጃፍ አያልፍም። ሚስቱ ሚስቱ አይደለችም። እንደ መንገደኛ ውኃ ተሰጥቶት ይሸኛል። እንግዲህ አንጓች እርሙን አውጥታ ቸኮል ካለ፣ በሕይወት ያለ ባሏን ከቤቱ ማባረሯ ነው። ሳታወጣ ቀርታ ሞቶ ከሆነ፣ የሞተ ባሏን ያለ ጸሎት መተዋ ነው። ላይ ቤት ከወሰደው ጊዜ ጀምሮ በእነዚህ በሁለቱ መሐል ቆማ ነው ገመድ የምትገምደው።

«ሁለቱም ይነበቡልኝ» አለች። «እስከ መጨረሻው።»

መርሻ አነበበ። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ «ቤት ከዳኙ ቸኮል ምንም እንዳላየ ስለማለ ስንቅ ተሰጥቶት ተለቀቀ። ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወንዙን ተሻገረ። ጤናማ ነው።» ሁለተኛው ደግሞ፦ «ቤት ከዳኙ ቸኮል ያየውን አላየሁም ብሎ እንዲምል ቢጠየቅ እምቢ ስላለ በክረምት መግቢያ ሞተ። ስንቁ ለሌላ ተሰጠ። ከምዕራቡ ግንብ ሥር ተቀበረ።»

«የመጀመሪያውን ያዢና ሂጂ አንጓችዬ» አለ ፈንታው ከሰልፉ ውስጥ። እሱ ስለ ራሱ የተጻፈውን ለመውሰድ ተራ ይዞ ነበር። «የእኔ ባዘዘው እዚያ ማዶ አለ። ጎረቤት ይሆኑለታል።»

«ቸኮል አላየሁም ብሎ ይምላል?» አለችው።

«ለነፍሱ ሲል ማን የማይምል አለ?»

«እሱን ነው የጠየቅኩህ።»

ፈንታው ፊቱን ወደ ሰልፉ መለሰ። እሷም ወደ መርሻ ዞረች። መርሻ ሳትጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። «አላስታውስም እህቴ። በወረቀት ላይ ወንዙን ሳሻግረው ጽሑፌ ደህና ነበር፤ ስቀብረውም ደህና ነበር። በዚያን ቀን ብዙ ሰው ጽፌያለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። «ጋሽ ሽባባው፣ አንቱ ስንት ዘመን ሰው ሲናገር ሰምተዋል። የትኛው ነው እውነት የሚመስለው?»

«እህቴ፣ ጆሮ የተባለውን ነው የሚሰማው፤ የሆነውን አይሰማም» አልኳት። ሌላ የምላት ባገኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ወደ ሊቀ ገላጩ ሄደች። «ከምዕራቡ ግንብ ሥር ይቆፈርልኝ።»

«ለመቆፈር ፈቃድ ያስፈልጋል» አሉ ሊቀ ገላጩ። «ፈቃድ ለመስጠት ደግሞ የትኛውን ወረቀት እንደወሰዱ ማወቅ አለብኝ።»

«የሞቱን ብወስድስ?»

«የሞቱን ከወሰዱ መሞቱን ተቀበሉ ማለት ነው። የተቀበሉትን ነገር ለማረጋገጥ አይቆፈርም።»

«የመሻገሩን ብወስድስ?»

«በሕይወት ያለ ሰው እዚያ ምን ይሠራል ብለን እንቆፍራለን?»

«ሁለቱንም ባልወስድስ?»

«ያልወሰዱት ወረቀት የእርስዎ አይደለም። በማን ወረቀት ሊያስቆፍሩ ነው?»

ሰልፈኛው እርስ በርሱ ተያየ። እንዲህ ቀዳዳ የሌለው ደንብ በላይ ቤት ዘመን እንኳ አላየንም ነበር።

አንጓች እጇን ዘረጋችና የሞቱን ወረቀት ወሰደች። ከተማው ውስጥ እስከዚያ ቀን ድረስ የሞት ወረቀት የወሰደ አንድም ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ይዛ ከፊቴ ቆመች። እኔ ሰምቻለሁ ስል ቸኮል ይሞታል፤ በዚያው ቀን እርሙ ይወጣል፤ ደጃፉም ይዘጋበታል።

«ጋሽ ሽባባው» አለች ቀስ ብላ፣ «ይኼ ነገር የሚያልቀው እዚህ ወረቀቱ ላይ ነው ወይስ እዚያ ግንቡ ሥር?»

ሊቀ ገላጩ በዓይናቸው ይቀጥሉ አሉኝ። በዕድሜዬ ያልሰማሁትን ሰምቻለሁ ብዬ አላውቅም፤ የወረቀቱ የመጨረሻ ቃል ደግሞ «ተቀበረ» ነው። ከዚያ ቃል ወዲያ የሚናገር ነገር ካለ እኔ ገና አልሰማሁትም።

«ጋሽ ሽባባው፣ ይበሉ እንጂ» አሉ ሊቀ ገላጩ።

«እያደመጥኩ ነው።»

«መርሻ ጨርሷል እኮ። ማን ሲናገር ነው የሚያደምጡት?»

«እኔም እሱን እየጠበቅኩ ነው» አልኳቸው።

ከበርጩማዬ አልተነሣሁም። ሕጉ አይፈቅድማ። ፀሐይ ወጣብኝ፣ ፀሐይ ገባብኝ። አንጓች ምግቤን እያመጣች ገመዷን ከጎኔ ቁጭ ብላ ትገምዳለች። እንቅልፌን ተቀምጬ ተኛሁ። በልቤ የለመድኩትን ጸሎት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እደግማለሁ፤ ሲያልቅ እንደገና እጀምራለሁ። ለቸኮል ስጸልይ ከሙታን ጋርም ከሕያዋን ጋርም ስሙን መጥራት ስለማይቻል፣ ጌታ ሆይ፣ የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ እያልኩ አልፈው ነበር።

አንድ አድማጭ ሁለት ነገር አያደምጥም። ስለዚህ የወረቀቱ ንባብ ቆመ። ሰርግ ቆመ፤ ሙሽሮች ተኳኩለው ይመጡና በርጩማዬን አይተው ይመለሳሉ። ወሰን የተገፋፉት ጎረቤታሞች ለመታረቅ ተስማምተው ሳለ እርቃቸው የሚሰማው ስላጣ እንደገና ተደባደቡ። አንድ ሽማግሌ ኑዛዜያቸው ስላልተሰማ መሞታቸውን አዘገዩ፤ ከልጆቻቸው ገሚሶቹ ምርቃት ላኩልኝ። ሊቀ ገላጩ ከጎረቤት ከተማ ሌላ አድማጭ አስመጡ። ሰውዬው በርጩማውን ይዞ መጣና ቆሞ አየኝ። «ምን እየሰማ ነው?» አለ። ነገሩት። «ባልጨረሰ ሰው ላይ አልደርብም» ብሎ በመጣበት ሄደ።

ሰልፈኛው ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ተራውም እንዳይወሰድበት አልሄደም። ከሁሉ የባሰበት ፈንታው ነበር። ስለ ራሱ የተጻፈውን ደግ ወረቀት ወስዶ ከወንድሙ ወረቀት ጎን ሊሰቅለው ቦታውን አዘጋጅቶ ነበር።

«ጋሼ፣ በርጩማው ቅጠል አላወጣም?» ይለኛል ጠዋት ጠዋት።

«ገና ነው።»

«ከተነሡ እኮ ከነሥርዎ ነው የሚነቀሉት። ኧረ ለነዚህ ሙሽሮች ይዘኑ። ሙሽራይቱ ልታረጅ ነው።»

«ለእሷም እየጸለይኩ ነው።»

«እሷ ጸሎት አይደለም የቸገራት፣ ባል ነው!» ሰልፈኛው ይስቃል። እኔም አንዳንዴ ስቄያለሁ፤ መሳቅ አልተከለከለም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ሰዉ ጥላ ፍለጋ ሲበተን፣ ሊቀ ገላጩ መጥተው ከአጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። አልቸኮልኩም፤ ሰው ዝም ሲልም አደምጣለሁ።

«መቆፈሩ አይደለም የከበደኝ» አሉ በመጨረሻ። «ከዚህ የከበደ ድንጋይ ቆፍሬያለሁ። ብንቆፍርና ባይገኝ ደህና። ቢገኝስ ጋሽ ሽባባው? የሷ ባል እዚያ ከተገኘ፣ ሌላው ሰው ሁሉ የያዘው ወረቀት ምን ሊሆን ነው? ሕዝቡን ማስደሰት ነበር ሐሳቤ። ደስ ብሎት ነበር።»

«አይቻለሁ።»

«በቅሎዎቹ እንዳይጎዱ ነው ያደባለቅኩት። ሌላ ክፋት አልነበረኝም።»

«አውቃለሁ።»

ሰምቻለሁ እንድላቸው የጠበቁ መሰለኝ። ግን የተቀመጥኩበት ነገር ስላላለቀ ለእሳቸውም ልላቸው አልቻልኩም። ልብሳቸውን አራግፈው ሄዱ።

በማግሥቱ ፈንታው ዶማ ተሸክሞ መጣ። «ይህ ሰውዬ እስኪሰማ እኔ እዚሁ ተሰልፌ ልሙት?» አለ ለሰልፈኛው። «ካልሰማ እናሰማዋለን። እንቆፍርና ምንም እንደሌለ ይየው፤ ከዚያ ሰምቻለሁ ይለናል፤ ከዚያ ወረቀታችንን ይዘን ቤታችን እንገባለን። ዶማ ያለው ይከተለኝ።»

ሰዉ ዶማ ለማምጣት ሮጠ። ሊቀ ገላጩ «ፈቃድ አልሰጠሁም» አሉ፤ አካፋ ይዘው ከኋላ ተከተሉ። እኔ ከበርጩማዬ መነሣት ስለማልችል አራት ሰዎች ከነበርጩማዬ ተሸከሙኝ። አድማጭ አይነሣ ነው እንጂ በርጩማው አይነሣ የሚል ሕግ የለም። እንዲህ ሆነን ኮረብታውን ወጣን፤ ፊት ፈንታው፣ ቀጥሎ ሕዝቡ፣ ቀጥሎ እኔ በአየር ላይ፣ ከጎኔ አንጓች።

ከምዕራቡ ግንብ ሥር ያለው አፈር ለስላሳ ነበር። ፈንታው ሲቆፍር ይቀልድ ነበር። «ቸኮል፣ ካለህ ተናገር፤ ጋሼ ወገባቸው ደክሟል» አለ። ጥቂት ቆይቶ ዶማው አንድ ነገር ነካ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቀልድ የማስታውሰው ነገር የለም።

በዶማ ሳይሆን በእጃቸው አፈሩን ገፉት። የአንድ ሰው አጽም ተጋድሟል። ከእሱ አጠገብ ሌላ ሰው። ከእነሱ በታች ደግሞ ሌሎች፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣ ጭነት እንዲመጣጠን ሆኖ እንደተቀመጠ። ወደ ግራ ሲቆፍሩም አገኙ፣ ወደ ቀኝ ሲቆፍሩም አገኙ። ስንት እንደነበሩ እኔ አልቆጠርኩም። ሊቀ ገላጩ አካፋቸውን ተደግፈው ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ። ወንዙ ከዚያ ቦታ ሆኖ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ማንም ወደዚያ አላየም።

አንጓች ወደ ጉድጓዱ ወረደች። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ጎንበስ ትላለች፣ እግር እግራቸውን በጣቷ ትዳስሳለች። አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። የግራ እግሩ ቅልጥም መሐሉ ላይ እንደ ቋጠሮ አብጧል፣ ጥቂትም ተጣሟል።

«ይኼ ነው» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?» አላት ፈንታው።

«ከጣሪያ ወድቆ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው ሲያስረው እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። አጥብቄ አልያዝኩትምና ተጣመመ። ሁልጊዜ ይስቅብኝ ነበር።»

ነጠላዋን አውልቃ አጥንቱን ከእግሩ ጀምራ አንድ ባንድ አስቀመጠችበት። ማንም አልረዳትም፤ እንድንረዳት አልፈለገችም። ስትጨርስ ነጠላውን ቋጠረችና ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ አፈር ነበር።

«አሁንስ ጋሽ ሽባባው?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

ከበርጩማው ስነሣ ሊቀ ገላጩ ብብቴን ይዘው አቆሙኝ። በዚያው ምሽት ቸኮል በቤተ ጸሎት ስሙ ተጠራ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ ሳልል ጸለይኩለት።

ፈንታው ግን ከጉድጓዱ አልወጣም ነበር። ሰዉ ወደ ቤቱ ሲመለስ እሱ አንዱን አጥንት እያነሣ ያያል፣ መልሶ በቦታው ያስቀምጣል፣ ሌላ ያነሣል። በአጠገቡ ሳልፍ ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ሲናገር ሰማሁት። «ባዘዘው ተሰብሮ አያውቅም» አለ። «በልጅነቱ እንኳ። ከዛፍ ይወድቃል፣ ምንም አይሆንም። አንድም ቀን ተሰብሮ አያውቅም።»

በሚቀጥለው ገበያ በርጩማዬን ይዤ ወደ አደባባዩ ሄድኩ። ሊቀ ገላጩ ስልቻዎቹን እንደ ልማዳቸው በሰልፍ አስቀምጠዋል። መርሻም ከእስር ቤት መጥቶ ቦታው ላይ ቆሟል። ሰልፈኛ ግን አልነበረም። ሰዉ በየሱቁ በረንዳ ሥር፣ በየጥጉ ቆሞ ያየናል፤ ወደ መሐል የሚገባ የለም። ጸሎቴን ጀመርኩ። ከግማሽ ያለፍኩ ይመስለኛል ፈንታው ከልኳንዳ ቤቱ ሲወጣ። መስተዋቱን በሁለት እጁ ይዞታል፤ ጠርዙ ላይ የሞራ ጠብታ ደርቆበታል። አደባባዩን አቋርጦ መጥቶ ከሊቀ ገላጩ ፊት ቆመ።

«ፈንታው» አሉ ሊቀ ገላጩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደንቡ ስለ መለወጥ የሚለው ነገር የለም። አንዴ የተወሰደ ወረቀት…»

«እንድትለውጡልኝ አይደለም የመጣሁት።»

መስተዋቱን መሬት ላይ በጀርባው አስተኛና ከፊቴ ቁጭ አለ። ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። መርሻን አላየውም፤ እኔንም አላየኝም፤ የሚያየው ስልቻዎቹን ነበር።

«ያኛውን አንብቡልኝ» አለ። «እስከ መጨረሻው።»

መርሻ ስልቻውን ፈትቶ እጁን ሰደደ። በየበረንዳው ሥር የቆመው ሰው አንድ ሁለት እያለ ወደ መሐል መምጣት ጀመረ። እኔ በርጩማዬን አነሣሁና ወደ ፈንታው አስጠግቼ ተቀመጥኩ።